በቆሮሶ ጆሮ ውስጥ ዕድሜ ፍለጋ

ጥቅምት 12፣ 2017 ዓ.ም.፣ ደሴ

እሑድ ዕለት ሐይቅ ከተማ ሄጄ ነበር። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዓሣ ሁልጊዜ የምገዛቸው አንድ አዛውንት አጥማጅ አሉ። የደረደሯቸውን ቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሦች አየሁና «አያ፣ ዓሣው አነሰ እኮ» አልኳቸው።

«አነሰ ልጄ» አሉኝ። «ግን ገና ልጅ ስለሆነ ነው ያነሰው ወይስ አርጅቶ ቀጭጮ? አንተ መምህር ነህ፤ እስቲ ንገረኝ።»

መልስ አልነበረኝም። ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ግን የአንድ ቆሮሶ ዕድሜ ስንት እንደሆነ ነግሬ አላውቅም። ወደ ደሴ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ይሄንኑ ሳስብ መጣሁ።

ጥያቄው ትልቅ ነው። ዓሣው ያነሰው ልጅ ስለሆነ ከሆነ፣ መረቡ ሳያድግ እየያዘው ነው ማለት ነው። መፍትሔው የመረቡን ዓይን ማስፋት ነው። ቆሮሶ ግን ሌላም ጠባይ አለው። ሲበዛና ምግብ ሲያጥረው በትንሽነቱ መራባት ይጀምራል፤ አካሉም ይቀጭጫል። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ትንንሹን መተው መጨናነቁን ያብሰዋል። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው መርዝ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ዕድሜ ነው። ስለዚህ ዕድሜ ልፈልግ ነው፤ የምሠራውንም እዚህ እጽፋለሁ።

ጥቅምት 17

ዓሣ ጆሮው ውስጥ ጠጠር አለው። ከውጭ የሚታይ ጆሮ የለውም እንጂ የውስጥ ጆሮ አለው። እዚያ ውስጥ ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠሩ ሦስት ጥንድ ጠጠሮች ይገኛሉ። ስማቸው ኦቶሊት ነው። ለመስማትና ሚዛን ለመጠበቅ ያገለግሉታል። በአብዛኛው ዓሣ ትልቁ ጥንድ ሳጊታ የሚባለው ነው። ጠጠሩ ዓሣው በሕይወት እስካለ ድረስ በላዩ ላይ ሽፋን እየደረበ ይሄዳል። እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ማለት ነው። ዮሐንስ ራይቢሽ የሚባል ጀርመናዊ በ1899 እ.ኤ.አ. የባሕር ዓሣን ዕድሜ በዚህ መንገድ ቆጥሯል።

ቅርፊትም ቀለበት አለው፤ ለመንቀል ደግሞ ቀላል ነው። ነገር ግን ዓሣው ማደግ ሲያቆም ቅርፊቱም አብሮ ያቆማል። ሲራብ ጠርዙ ተመልሶ ሊሟሟም ይችላል። ስለዚህ ቅርፊት ሽማግሌን ወጣት ያስመስላል። የጆሮው ጠጠር ግን አካል ማደጉን ቢያቆምም መወፈሩን ይቀጥላል።

ይህ በደንብ የታየው በኮራል ሪፍ (ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በሠሩት የድንጋይ ክምር) ዓሦች ላይ ነው። ድሮ ብዙ ሰው «በሞቃት ባሕር ክረምትና በጋ የለም፤ ቀለበትም አይኖርም» ይል ነበር። ስለዚህ የሪፍ ዓሣ ቶሎ አድጎ ቶሎ የሚሞት ይመስላቸው ነበር። ከዚያ አንቶኒ ፋውለር በአውስትራሊያው ታላቁ ባሪየር ሪፍ በአንዲት ትንሽ ዓሣ ላይ ሠርቶ ቀለበቱ በእርግጥ ዓመታዊ መሆኑን በ1990 እ.ኤ.አ. አሳየ። ሃዋርድ ቾት እና ባልደረባው ደግሞ እዚያው ሪፍ ላይ ሰርጀንፊሽ የሚባሉትን ዓሦች ቀለበት ቆጠሩ። እነዚህ ዓሦች በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ሙሉ ቁመታቸውን ይጨርሳሉ፤ ከዚያ ሳይረዝሙ 30 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። አንድ የ5 ዓመትና አንድ የ35 ዓመት ዓሣ ጎን ለጎን ቢቀመጡ በመጠን አትለያቸውም።

ከሁሉ የገረመኝ ልዩነቱ ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ ሮውሊ ሾልስ አካባቢ የተያዘ ሚድናይት ስናፐር የሚባል ዓሣ 81 ዓመት ሆኖት ተገኝቷል። ይህ በ2020 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ነው። በባሪየር ሪፍ ላይ ደግሞ ኤቪዮታ የምትባል ሚጢጢ ዓሣ አለች፤ ዕድሜዋን ሁሉ ብትኖር 59 ቀን ነው። ሁለቱም የሪፍ ዓሦች ናቸው። አዛውንቱ የጠየቁኝ ጥያቄ ለእነሱም ይሠራል።

ጥቅምት 24

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ጭንቅላቶች። እናቴ ሥጋውን ጠበሰችው፤ ጭንቅላቱን ለእኔ ተወችልኝ።

በቢላ ከዓይኑ ኋላ ከላይ ወደ ታች ሰያፍ ቆረጥኩ። አንጎሉ ነጭ ሆኖ ይታያል። ጠጠሮቹ ከአንጎሉ በታች፣ ግራና ቀኝ፣ ቀጭን ከረጢት ውስጥ ተኝተዋል። ማውጫዬ ወረንጦ ነው። አያቴ እሾህ የምታወጣበት፣ ጫፉ ሹል የሆነው። ከላብራቶሪው መቆንጠጫ እሱ ይሻላል።

ሁለቱን ጭንቅላት አበላሸሁ። አንዱን በጣም ወደፊት ቆርጬ ጠጠሩን ከሁለት ከፈልኩት። ሌላው የት እንደገባ አላውቅም። አራቱ ወጡ። ከምስር ፍሬ ትንሽ ተለቅ ይላሉ፤ ነጭ ናቸው፤ በአንድ በኩል ቦይ አላቸው። በውሃ አሽቼ ሽፋኑን አስለቀቅኩ። ካደረቅኳቸው በኋላ በክኒን ወረቀት አሽጌ ቀኑንና ቁመቱን ጻፍኩበት። ቁመት የምለካው ከአፍ ጫፍ እስከ ጅራት ጫፍ ነው።

ኅዳር 8

ሙሉውን ጠጠር በማይክሮስኮፕ ሳየው ጭጋግ ነው። ስለዚህ መስበርና ማቃጠል የሚባለውን ዘዴ ሞከርኩ። ጠጠሩን እምብርቱ ላይ በምላጭ ትሰብረዋለህ። የተሰበረውን ፊት በአልኮል መብራት ነበልባል ላይ ቀስ ብለህ ታሞቀዋለህ። ፕሮቲን የበዛበት ሽፋን ቀድሞ ይጠቁራል። ከዚያ ጭቃ ላይ ተክለህ አንድ ጠብታ የምግብ ዘይት ትቀባዋለህ።

የመጀመሪያውን አመድ አደረግኩት። ሁለተኛው ቡና መሰለ። ያኔ መስመሮቹ ወጡ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ቡናማ መስመር፣ ከእምብርቱ እስከ ጠርዙ። የእህቴን ልጅ ጠርቼ አሳየሁት። 10ኛ ክፍል ነው። ምንም ሳልነግረው «አራት» አለ። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ኅዳር 26

የነቢያት ጾም ስለገባ ዓሣ ደሴም በደንብ አለ። 18 ጠጠር ደርሷል።

መብራት ስለጠፋ በማይክሮስኮፑ መስታወት የቀን ብርሃን ከታች እያበራሁ ፈጭቼ ያሳሳኋቸውን ጠጠሮች አነበብኩ። ሌሎቹን ግን በስልክ መብራት ከላይ ነበር ያነበብኳቸው። ማታ ሁለቱን ሳመሳክር አልገጥም አሉኝ። ምክንያቱን ያገኘሁት ቆይቼ ነው። ብርሃን ከላይ ሲመጣና መደቡ ጥቁር ሲሆን፣ ድፍኑ ሽፋን ነጭ፣ ብርሃን አሳላፊው ጥቁር ይመስላል። ብርሃን ከታች ሲመጣ ተቃራኒው ነው። በሁለቱም «ጥቁሩን» ስቆጥር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እየቆጠርኩ ነበር። የቀለበቱ ቁጥር ቢበዛ በአንድ ይሳሳታል። ጠርዙ ላይ ያለው ሽፋን ግን ሙሉ በሙሉ ይገለበጣል። ጠርዙ ደግሞ በኋላ የምፈልገው ነገር ነው።

ሁሉንም እንደገና አነበብኩ። ከአሁን በኋላ ብርሃን ከላይ፣ መደብ ጥቁር፣ በቃ።

ታኅሣሥ 19

የንባብ ደንብ አወጣን። ወረቀቶቹን የእህቴ ልጅ ያምሳቸዋል፤ ቁመቱን ይሸፍነዋል። እኔ አነባለሁ፤ እሱ ለብቻው ያነባል። ከሳምንት በኋላ እኔ እደግማለሁ። የዓሣውን ትልቅነት ካወቅኩ ዓይኔ ቀለበት ይጨምራል፤ ይህን በራሴ ላይ አይቻለሁ።

ከ18ቱ በ11ዱ ሦስቱም ንባብ ገጠመ። በአምስቱ በአንድ ተለያየን። ሁለቱን ጣልናቸው። ችግሩ ሐሰተኛ መስመር ነው። እውነተኛው መስመር ጠጠሩን ዙሪያውን ይከተላል። ሐሰተኛው መንገድ ላይ ይጠፋል። ልጁ ይህን ከእኔ ቀድሞ ለመደ።

ጥር 14

ከጥምቀት በኋላ ባሉት ቀናት ሳነብ ሰነበትኩ። አንድ ነገር አገኘሁና ሥራውን ሁሉ እንደገና እንዳስብ አደረገኝ።

ደመቀ አድማሱ እና ጆን ካስልማን በ2000 እ.ኤ.አ. የሐዋሳ ሐይቅን ቆሮሶ አጥንተው ነበር። እዚያ ቆሮሶው በጠጠሩ ላይ በዓመት ሁለት ቀለበት ይሠራል። ሁለት! ስድስት ቀለበት ያለው ዓሣ የሦስት ዓመት ነው ማለት ነው።

የሐይቅስ? ወሎ ውስጥ በልግ አለ፤ ክረምትም አለ። ሁለት ዝናብ። ውሃው፣ ምግቡ፣ የመራቢያው ጊዜ በዓመት ሁለቴ ቢለዋወጥ ቀለበቱም ሁለት ሊሆን ይችላል። አንድም ሊሆን ይችላል። የሐዋሳን መልስ አምጥቼ ሐይቅ ላይ መለጠፍ አልችልም።

ጉዳቱን በስሌት አየሁት። የዓሣ ዕድገት የሚገለጸው ሉድቪግ ፎን በርታላንፊ በ1938 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቀመር ነው። ቀመሩ ዓሣው መጀመሪያ ፈጥኖ እንደሚያድግ፣ ከዚያ እየዘገየ ወደ መጨረሻ ቁመቱ እንደሚጠጋ ያሳያል። የፍጥነቱ ምልክት ኬ ነው። ቀለበት ዓመት ነው ብዬ ኬ 0.3 ከወጣ፣ በዓመት ሁለት ቀለበት ከሆነ 0.6 ይሆናል። ያው ዓሣ፣ ያው ጠጠር፤ ግን በእጥፍ የፈጠነ ዓሣ። ብዙ ማጥመድ የሚቻልበት ሐይቅ እና ማረፍ ያለበት ሐይቅ የሚለዩት በዚህ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ደብተሬ ላይ «ዓመት» የሚለውን ሰርዤ «ቀለበት» ብያለሁ።

የካቲት 25

ቀለበቱ የስንት ጊዜ እንደሆነ ለማወቅ አንዱ መንገድ ጠርዙን በየወሩ ማየት ነው። በዚህ ወር የተያዙት ዓሦች ጠርዛቸው ነጭ ነው ወይስ ጥቁር? ጥቁሩ ጠርዝ በዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ቀለበቱ ዓመታዊ ነው። ሁለቴ ከመጣ ሁለት ነው። ሙሉ ዓመት ይፈልጋል፤ በየወሩም ብዙ ዓሣ ይፈልጋል።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጥመዋል። ከሰዓት ዓሣ ፍለጋ የወጣሁ ጊዜ ሻጩ «ጾመኛው ሁሉ ወጥቷል፣ አለቀ» አለኝ። አዛውንቱ አጥማጅ ደግ ሰው ናቸው። ጭንቅላቱን የማይፈልግ ገዢ ካለ ጭንቅላቱን ለእኔ ያስቀምጡልኛል። ቁመቱን ግን ማን ይለካል? አንድ ዱላ ላይ በሴንቲ ሜትር ምልክት አድርጌ ሰጠኋቸው። አሁን ሳይቆርጡ በፊት ይለካሉ፤ ቁጥሩን ከጭንቅላቱ ጋር በፌስታል ያስሩታል።

መጋቢት 20፣ ሐይቅና ኮምቦልቻ

ሌላ መንገድ አሰብኩ። ጆርጆ ፓኔላ የሚባል ተመራማሪ በ1971 እ.ኤ.አ. የዓሣ ጠጠር ላይ ዕለታዊ ቀለበት እንዳለ አሳየ። በየቀኑ አንድ፣ በጣም ቀጭን። የዕለቱን ቀለበት ማንበብ ከቻልኩ፣ በሁለት ትልልቅ ቀለበቶች መካከል ስንት ቀን እንዳለ ልቆጥር እችላለሁ። ግን መጀመሪያ በእኔ እጅና በእኔ ማይክሮስኮፕ የማየው መስመር ዕለታዊ መሆኑን ማረጋገጥ አለብኝ። ለዚህ ዕድሜያቸው የሚታወቅ ጫጩት ዓሦች ያስፈልጋሉ።

ዛሬ አዛውንቱ አንዲት ሴት ቆሮሶ ከመረብ አወጡና አፏን ከፍተው አሳዩኝ። ጫጩቶች ሞልተውበታል። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ሁለት ሳምንት ገደማ አፏ ውስጥ ታቆያቸዋለች። «ጾመኛ ናት» አሉ። «ልጆቿ ከአፏ እስኪወጡ አትበላም።»

ጫጩቶቹን በሐይቁ ውሃ በጀሪካን አድርጌ ኮምቦልቻ አክስቴ ግቢ ወሰድኳቸው። ደሴ ለቆሮሶ ብርድ ነው። ኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለምትል ትሞቃለች። ሁለት በርሜል አዘጋጅቼ ነበር። አንዱን በቧንቧ ውሃ ሞልቼው ወዲያው ግማሾቹን ጨመርኩ። እስከ ማታ አለቁ። የክሎሪን ነገር ነው። ውሃውን ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ክፍቱን ማቆየት ነበረብኝ። ይህን ተማሪ እንኳን ያውቀዋል፤ ቸኩዬ ነው። አዘንኩ። የቀሩት በሐይቁ ውሃ ውስጥ ደህና ናቸው። አክስቴ የተቀቀለ እንቁላል አስኳል እየፈረፈረች ልትመግባቸው ቃል ገባች።

ሚያዝያ 30፣ ኮምቦልቻ

40 ቀን። ስድስት ጫጩት ወሰድኩ። ጠጠራቸው ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም። በወረንጦ ሳይሆን በመርፌ ጫፍ ነው ያወጣሁት።

ስላይድ ላይ በኩቴክስ አጣበቅኩ። የመኪና ቀለም ሠሪዎች ከሚጠቀሙበት ብርጭቆ ወረቀት በጣም ልሙን፣ 2000 ቁጥሩን፣ በውሃ አርሼ ፈጨሁ። ሦስት ጊዜ መፍጨት፣ አንድ ጊዜ ማየት። አንድ ጊዜ ብቻ ካበዛህ እምብርቱ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ በጥርስ ሳሙና ወለወልኩት። ሁለቱ ተበላሹ።

አራቱን በ400 እጥፍ አየኋቸው። መስመሮቹ እንደ ጥበብ ጥልፍ ክር የቀጠኑ ናቸው። ቆጠርኩ፤ 46። ደገምኩ፤ 47። ሌሎቹ 45፣ 48 እና 47 ወጡ። በርሜል ውስጥ የቆዩት 40 ቀን ነው። ከተፈለፈሉ በኋላ በእናታቸው አፍ የቆዩበትን አንድ ሳምንት ገደማ ስጨምር ይገጥማል። አክስቴን አቅፌ ሳምኳት። እሷ ደግሞ የቀሩትን አልሰጥም ብላለች፤ ወዳቸዋለች።

ግንቦት 23

ትልቅ ጉድለት አገኘሁ። ከጥቅምት ጀምሮ ጾታ አልመዘገብኩም።

ወንድ ቆሮሶ ከሴቷ በላይ ይፈጥናል፤ ይገዝፋልም። ሴቷ ጉልበቷን ለእንቁላል ትሰጣለች፤ ልጆቿን ይዛ ደግሞ አትበላም። ደብተሬ ላይ 17 እና 18 ሴንቲ ሜትር ሆነው ስድስትና ሰባት ቀለበት ያላቸው ዓሦች አሉ። 26 ሴንቲ ሜትር ሆነው አራት ቀለበት ያላቸውም አሉ። እነዚህ ትንንሽ ሽማግሌዎች «የቀጨጩ» ብዬ ጽፌያቸው ነበር። ሴቶች ቢሆኑስ? ጭንቅላት ብቻ ይዤ ማወቅ አልችልም። ሆዳቸው ተጥሏል። የሰባት ወር ዓሣ በዚህ ጥያቄ ላይ ዝም አለ።

ከዛሬ ጀምሮ ጭንቅላት ብቻ አልቀበልም። ሆዱ ሲከፈት ቆሜ አያለሁ።

ሰኔ 14፣ ሐይቅ

ፈተና አርመን ስለጨረስን ሁለት ቀን ሐይቅ አደርኩ። 12 ዓሣ ከነጾታው አገኘሁ። ከ19 ሴንቲ ሜትር በታች ሆነው ስድስትና ከዚያ በላይ ቀለበት ያላቸው አምስት ነበሩ። አራቱ ሴቶች ናቸው።

ለአዛውንቱ የስልኬን ፎቶ አሳየኋቸው። ሁለት ጠጠር ጎን ለጎን። አንዱ ሦስት መስመር ያለው፣ ሌላው ሰባት። ዓሦቹ እኩል ቁመት ናቸው። «አያ፣ ይቺ ልጅ ናት፤ ይቺ አሮጊት ናት» አልኳቸው። «ስንት ዓመት እንደሆነች ገና አልነግርዎትም። ከዚያችኛዋ ግን በእርግጥ ታላቋ ናት። መረብዎ ውስጥ ልጅም አለ፣ አሮጊትም አለ።»

ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አቅርበው ረጅም ጊዜ አዩት። መስመሮቹን በጣታቸው ጥፍር አንድ በአንድ ነኩ። ከዚያ «መስመሩ ጾሟ ነው» አሉ።

«እንዴት?»

«ልጆቿን ይዛ ሳትበላ የቆየችበት ነዋ። የከሳ ሰው ቀበቶው ላይ ቀዳዳ እንደሚጨምር።»

ደብተሬን አውጥቼ እንዳሉት ጻፍኩት። እውነት ከሆነ የሴቷ ቀለበት የወቅት ሳይሆን የወሊድ ነው ማለት ነው። ታዲያ ወንዱ አይጾምም፤ የእሱ ቀለበት ከምን መጣ? ሴቷና ወንዱ ጥቁር ጠርዝ የሚይዙት በአንድ ወር ነው ወይስ በተለያየ? ይህን ማየት ይቻላል። የጠርዙን ሰንጠረዥ ለሁለት ከፈልኩት፤ ሴት በአንድ ገጽ፣ ወንድ በሌላ ገጽ።

ስነሳ አዛውንቱ የሰጠኋቸውን የመለኪያ ዱላ አሳዩኝ። በቢላ ሁለት ምልክት ቀርጸውበታል። አንዱ ለሴት፣ አንዱ ለወንድ ነው፤ ፌስታሉ ላይ በዚያው ምልክት ክር ሊያስሩልኝ ነው። የሐምሌውን ዓሣ ሐምሌ 5 ሄጄ አመጣለሁ።